የአራት ሰዓቱ ዝምታ

ሰኞ 2

ዛሬም ደረቀ። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከስድስት ደቂቃ። ሃምሳ ሰከንድ። ካርታው፣ የአምቡላንሶቹ ዝርዝር፣ የማውሱ ቀስት ሳይቀር ባለበት ቀረ። ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉም ተነቃነቀ።

ይህን ደብተር የያዝኩት ለሥራ ነው፤ የአምቡላንስ ጥሪ ማዕከላችንን ኮምፒውተር የምጠግነው እኔ ስለሆንኩ የደረቀበትን ሰዓት ልመዘግብበት። ኃላፊያችን "ሁሉም ነገር በጽሑፍ ይሁን" ብሏል። እሱ ጽሑፍ የሚወደው ጥፋት ሲኖርና ጥፋቱ የእሱ በማይሆንበት ጊዜ ነው።

ማክሰኞ 3

ለማንም ሳይሆን ለራሴ፣ የሆነውን በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ባለፈው ሳምንት ሐሙስ ጠዋት አንድ አናጺ ጭኑን መጋዝ ቆረጠው። ሚስቱ እኛ ጋ ደወለች። ስልኩን ያነሳችው ዝግታ ናት። ዝግታ የምንላት ቤቱ እየተቃጠለ ለሚጮህባት ሰው እንኳ ቀስ ብላ ስለምትመልስ ነው፤ እናቷ ያወጣችላትን ስም የሚያውቀው ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። አድራሻውን ተቀበለች፣ ቅርብ ያለውን አምቡላንስ መረጠች፣ "ላክ" የሚለውን ተጫነች። ኮምፒውተሩ ደርቋል። ደግማ ተጫነች። ደግማ። ደግማ።

ኮምፒውተሩ ሲነሳ የተጫነችውን ሁሉ ተራ በተራ ተቀበለ። ያ ቁልፍ ደግሞ አንድ ጊዜ ሲጫኑት ይልካል፣ ሁለተኛ ሲጫኑት ይመልሳል። ላከ፣ መለሰ፣ ላከ፣ መለሰ። አምቡላንሱ ከበር ወጥቶ ተመለሰ። ይህ የታወቀው ሚስትየው ከዘጠኝ ደቂቃ በኋላ "የት ደረሱ?" ብላ ስትደውል ነው። ሰውየው ደሙ ፈስሶ አለቀ።

መዝገቡ "በሠራተኛ ትእዛዝ ተሰርዟል" ይላል። አጣሪ ኮሚቴው በ20 ይቀመጣል። ዝግታ ከሥራ ትባረራለች፣ ፍርድ ቤትም ሊያቀርቧት ይችላሉ።

አራቱም ትእዛዞች የተመዘገቡት በአንዲት ሰከንድ ውስጥ ነው። የሰው ጣት እንዲህ አይፈጥንም። ይህን ያየሁት ዛሬ ጠዋት ነው፤ ለማንም አልተናገርኩም። መጀመሪያ ምክንያቱን ልወቅ ብዬ ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ።

ሐሙስ 5

አራት ሰዓት ከአምስት። ደረቀ። 50 ሰከንድ።

ዲስኩ ቦታ አለው። ሜሞሪው በቂ ነው። ቫይረስ የለም። ኬብሎቹን ሁሉ ነቅዬ ሰካሁ፤ ውሃ ወቀጣ።

ትናንት ረቡዕ አልደረቀም። ያለፈው ረቡዕም አልደረቀም። ለምን?

ዝግታ በኮሪደሩ ስታልፍ "አገኘሽው?" አለችኝ። ዓይኗ አብጧል። እየፈለግኩ ነው አልኳት።

ቅዳሜ 7

ዛሬ ጊዜ አለኝ። ለኮሚቴው እንዴት እንደማስረዳ እዚህ ልለማመድ።

ዋናው ኮምፒውተራችን አሮጌ ነው፤ ያለው አንድ ፕሮሰሰር ብቻ ነው። ፕሮግራሞቹ ግን ብዙ ናቸው። ካርታው አለ፣ የአምቡላንስ ዝርዝሩ አለ፣ የደዋዮችን ድምፅ የሚቀዳው አለ፣ ሌሎችም። ሁሉም በአንድ ጊዜ የሚሠሩ ይመስለናል እንጂ በየተራ ነው። ተራውን የሚያድለውን ክፍል እኔ ተራ አስከባሪው እለዋለሁ። ለእያንዳንዱ ከዓይን ጥቅሻ ያነሰ ጊዜ ይሰጠውና ወደ ኋላ ይመልሰዋል። ቅድሚያ የሚባል ነገርም አለ። ከሁሉ የላቀውን ቅድሚያ የያዘ ፕሮግራም ከመጣ ሌላው ቆሞ ይጠብቀዋል፣ እሱ በቃኝ እስኪል። በቃኝ ካላለ ወረፋው አይንቀሳቀስም። የማውሱ ቀስት እንኳ ተራ ያስፈልገዋል።

በየሰከንዱ ፕሮሰሰሩን የያዘው ማን እንደሆነ የሚጽፍ ታዛቢ ፕሮግራም አስቀምጬ ነበር። የሐሙሱን አየሁት። አራት ሰዓት ከአምስት ላይ ሃምሳ መስመር ባዶ ነው። ታዛቢውም ወረፋ ላይ ቆሞ ነበር። ሌባ እንዲጠብቅ የቀጠርኩት ዘበኛ ከቤተሰቡ ጋር አብሮ ታስሯል ማለት ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ የታዛቢውን ቅድሚያ ከተጠርጣሪው በላይ ማድረግ። ሰኞ አደርገዋለሁ።

ቤት ስገባ አባዬ እንደ ሁልጊዜው መስኮቱ ሥር ተቀምጧል። ከአራት ወር በፊት ደም አንጎሉ ውስጥ ከፈሰሰ ወዲህ ቀኝ እጁም ምላሱም አይታዘዙለትም። የስልኩ እጀታ ዛሬም ከቦታው ወርዶ ተንጠልጥሏል። ቀን ቀን የምታየው ጎረቤታችን "እኔ ወጣ ብዬ እስክመለስ ሁሌ እንዲህ ነው የማገኘው፣ በክርኑ እየነካው ይሆናል" አለችኝ። ቀጥላም ቅዳሜ እንኳ ቢሮ መዋሌን አንስታ፣ የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች አለች፣ እኔን እንዳላለች ወደ ግድግዳው እያየች።

ሰኞ 9

አራት ሰዓት ከሰባት። 50 ሰከንድ።

የታዛቢውን ቅድሚያ አልቀየርኩም። ማራገቢያውን አጸዳሁ። ሙቀት ሊሆን ይችላል።

ኃላፊው ከኋላዬ መጥቶ የፕሮግራሞቹን ቅድሚያ የነካ ሰው አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። ከፋብሪካው እንደመጣ ነው አልኩት። በአብዛኛው እውነት ነው።

ረቡዕ 11

አልደረቀም። ረቡዕ ነዋ።

እትዬ ካርድ ልታናግረኝ መጣች። ከዝግታ ጎን የምትቀመጥ አንጋፋ ስልክ ተቀባይ ናት፤ ጡረታ ልትወጣ ሁለት ወር ቀርቷታል። ኮምፒውተሩ ከገባ ይኸው አሥራ አንድ ዓመት ቢሆነውም እያንዳንዱን ጥሪ በእርሳስ ካርድ ላይ ትጽፋለች፤ ሰዓቱን፣ የተባለውን፣ የሰማችውን ሁሉ። "መብራት ሲጠፋ እኔን ትፈልጉኛላችሁ" ትላለች። ካርዶቿን በጫማ ካርቶን ውስጥ በየወሩ አስራ ታስቀምጣለች።

ጠዋት ጠዋት የሚደውል ዝምተኛ እንዳለ ሰምተሽ ታውቂያለሽ ወይ አለችኝ። ይደውላል፣ ምንም አይናገርም፣ ትንፋሹ ብቻ ይሰማል። ቁጥሩን እንዳያዩ ያኔ ስክሪኑ ይደርቃል። ወጣቶቹ ስልክ ተቀባዮች የአናጺው መንፈስ ነው እያሉ ይፈራሉ። ዝግታ ግን አናጺው ሳይሞትም ነበር ብላለች።

ካርዶቹን ስጪኝ አልኳት። ሰጠችኝ፤ እሷ ግን አልሄደችም። "ሌላም የምነግርሽ ነበረኝ፣ ቆየ፣ ዓመት ሊሆነው ነው" አለች። ሥራ አለብኝ አልኳት። አለብኝም።

እትዬ ካርድ እንደዚያ ስታየኝ አልወድም። ወንድሜ በሞተበት ቀን ስልኩን ያነሳችው እሷ ናት።

አርብ 13

ገጠሙ። ሃያ ሦስቱም። በኮምፒውተሩ የቆየ መዝገብ ላይ ሃምሳ ሰከንድ ባዶ የሆነው ሰዓት ሁሉ እትዬ ካርድ ጋ ተጽፏል፦ "ዝም ያለ ሰው። ትንፋሽ።" አናጺው የሞተበትም ሐሙስ እንዲሁ። ዝግታ ከሚስትየው ጋር ስታወራ፣ እትዬ ካርድ ጎኗ ዝምተኛውን "ይናገሩ፣ እየሰማሁ ነው" ትል ነበር።

ሰው ዝም ሲል ኮምፒውተሩ ይደርቃል። ዝምታ ወርቅ ነው ያለው ሰው እኛ ቢሮ አልሠራም።

የሰው ዝምታ የሚመለከተው ፕሮግራም ደግሞ አንድ ብቻ ነው። መቅጃው። ይኸው ጻፍኩት።

መቅጃው ሰው ሲናገር ይቀዳል፣ በመሃል በመሃል ያርፋል። ሰው ዝም ሲል ግን አያርፍም። ድምፅ መጣ? ድምፅ መጣ? እያለ ሳያቋርጥ ይጠይቃል። የቴሌው ስልክ ማዕከል ዝም ያለን መስመር ሃምሳ ሰከንድ ጠብቆ ይዘጋዋል፤ ያኔ ሁሉም ይነሳል። በስህተት የሚደውል ሰው ወዲያው ስለሚዘጋ ማንም አያስተውለውም። ይህኛው ደዋይ ግን አይዘጋም። ይጠብቃል።

መቅጃው እንዲህ መሆኑ ብቻውን ጉዳት የለውም። ተራ አስከባሪው ወደ ኋላ ይመልሰው ነበር። ከሁሉ የላቀ ቅድሚያ ባይሰጠው ኖሮ።

እሑድ 15

እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ልጻፈውና ይውጣልኝ።

ታናሼ የሞተው አምና በዚህ ሰሞን ነው። ደረቱን ሲያመው ራሱ ደወለ። አምቡላንሱ በጊዜ ደርሷል፤ የማንም ጥፋት የለበትም፤ መንገድ ላይ አለፈ። እኔ ከሆስፒታል ወደ ቤት ስመለስ ቤቱ በጭስ ታፍኗል። እሱ ጥዶት የወጣው ድስት ከሰል ሆኗል። የወንድሜ ሬሳ ሆስፒታል ተኝቶ እኔ "ምን ዓይነት ግዴለሽ ነው" ብዬ ጮህኩ፣ ባዶ ቤት ውስጥ። ድስቱን ከነክዳኑ አውጥቼ ጣልኩት።

ከሳምንት በኋላ ቅጂውን ከፈትኩ። አንድ ደቂቃ ከሃምሳ ሁለት ሰከንድ። አድራሻውን ይናገራል፣ ያቃስታል፣ ከዚያ "ለእህቴ ንገሩልኝ" ይላል። ከዚያ ሰባት ሰከንድ ባዶ ነው። ከዚያ "እሺ፣ አመሰግናለሁ" ይላል። ከዚያ የበር ድምፅ።

በዚያች ሰዓት ኮምፒውተሩ ሥራ በዝቶበት መቅጃውን ወረፋ አስጠብቆታል። የወንድሜ ቃል ተራ ስታጣ አለፈች። በማግስቱ ማንንም ሳላስፈቅድ ለመቅጃው ከሁሉ የላቀውን ቅድሚያ ሰጠሁት። ከእንግዲህ የማንም ቃል አይጠፋም አልኩ። በጎ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ነበር። ማታውን ለአባዬ፣ ያኔ ገና ይናገር ነበር፣ "የልጅህ ድምፅ እኛ ጋ አለ፣ አልጠፋም" አልኩት።

ቅጂውን ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አልጽፍም።

እስከ አርብ አላወቅኩም ነበር ብል ውሸት ነው። የመጀመሪያው ቀን፣ የማውሱ ቀስት ሲቆም ሆዴ አውቆታል።

ሰኞ 16

አራት ሰዓት ከስድስት። 50።

የአናጺው ሚስት መጥታ ነበር። የኮሚቴውን ጥሪ ልትፈርም። ኮሪደሩ ላይ አግኝታኝ የምሠራውን ጠየቀችኝ። ነገርኳት። "እንግዲያው አንቺ ታውቂያለሽ፣ ማን ነው ተመለስ ያለው?" አለችኝ። እየተጣራ ነው አልኳት። እጄን ይዛ አመሰገነችኝ። በእጇ ላይ የእንጨት ቀለም አለ፣ ያልለቀቀ።

ረቡዕ 18

ተጠባባቂው ኮምፒውተር ላይ ሁሉንም እንደ ዋናው አስተካከልኩ። ታዛቢውን ከመቅጃው በላይ አደረግኩት። ከዚያ ከራሴ ስልክ ደውዬ ዝም አልኩ።

ሃምሳ ሰከንድ ረጅም ነው። ቀስቱ ቆመ። የክፍሉ ሰዓት እንኳ የቆመ መሰለኝ። ሲነሳ የታዛቢውን መዝገብ ከፈትኩ፦ መቅጃ፣ መቶ በመቶ። መቅጃ፣ መቶ በመቶ። ሃምሳ መስመር።

ቅድሚያውን ዝቅ አድርጌ ደግሜ ደወልኩ፤ ዝም አልኩ። ካርታው እንደ ልቡ ተንቀሳቀሰ።

ዋናው ላይም ዝቅ አደረግኩት። ከእንግዲህ ሥራ ሲበዛ ከቅጂዎቹ አንዳንድ ሰከንድ ይጎድላል። የአንድ ሰው እህት ቅጂ ከፍታ ባዶ ታገኛለች። ይህን እያወቅኩ ነው ያደረግኩት፤ ከዚያ በፊት ግን ሁለት ጊዜ ሳልነካው ከወንበሩ ተነሳሁ።

ኃላፊው ዝምተኛው ደዋይ ይያዝልኝ ብሏል። ለፖሊስ ሊሰጠው። ስልክ ማዕከሉን በደብዳቤ ጠይቄያለሁ።

ሐሙስ 19

ዝርዝሩ መጣ። አንድ ገጽ። ሃያ አምስት ጥሪ፣ ሁሉም ከአንድ ቁጥር፣ ሁሉም ከአራት እስከ አራት ሰዓት ከሩብ።

ቁጥሩን አውቀዋለሁ።

እቤት፣ ከስልኩ በላይ ግድግዳው ላይ የድንገተኛውን ቁጥር በትልቁ ጽፌ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። አንድ ነገር ቢሆን ይህን ተጫን፣ እኛ ጋ ነው የሚደርሰው ብዬው።

ጎረቤታችንን ጠየቅኳት። ከአራት እስከ አምስት ገበያ ትወጣለች። ረቡዕ ልብስ ስለምታጥብ አትወጣም።

እትዬ ካርድ "ይናገሩ፣ እየሰማሁ ነው" ስትለው ምን ብሎ ይሆን የሚጠብቀው? ማንን?

ማንን እንደሚጠብቅ አውቃለሁ። የልጅህ ድምፅ እኛ ጋ አለ ያልኩት እኔ ነኝ።

አርብ 20

ኮሚቴው። አምስት ሰዎች፣ ረጅም ጠረጴዛ፣ ውሃ በፕላስቲክ። ዝግታ ጥግ ላይ፣ የአናጺው ሚስት በር አጠገብ።

ስለ ወረፋው ተናገርኩ። አራቱ ትእዛዞች በአንድ ሰከንድ መግባታቸውን፣ ማክሰኞ 3 ካየሁት መዝገብ፣ አሳየሁ፤ ሃምሳ ባዶ መስመር፣ የእትዬ ካርድን ካርዶች፣ የተጠባባቂውን ሙከራ። ገባቸው። ኃላፊው ፊቱ በራ፤ እንግዲያው ስህተቱ ከፋብሪካው ነው ለማለት አፉን ሲከፍት ቀደምኩት።

"ቅድሚያውን የሰጠሁት እኔ ነኝ" አልኩ። "አምና። ማንንም ሳላስፈቅድ።"

ለምን አሉኝ። ቃል እንዳይጠፋ ብዬ ነው አልኩ። ከዚህ በላይ አልጠየቁኝም። ስለ ደዋዩ ሲጠይቁኝ በሽተኛ ሽማግሌ ነው፣ መናገር አይችልም፣ ጥፋት የለበትም አልኩ። ቤቱን አልነገርኳቸውም። ይህን አንዱን ለራሴ አስቀረሁ፤ ሆድ ይፍጀው።

የአናጺው ሚስት ሳትጠየቅ ተነሳች። "ልጅቷ አይደለችም የመለሰችው?"

"አይደለችም። እኔ ነኝ።"

ሴትየዋ ከእግር እስከ ራሴ አየችኝ። ከዚያ ወደ ዝግታ ዞራ "ሦስት ሳምንት ሙሉ አንቺን ስረግም ከረምኩ" አለችና ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ዝግታ ሄዳ አጠገቧ ተቀመጠች። እኔ ጋ የመጣ ሰው የለም፤ አልጠበቅኩምም።

ዝግታ ነፃ ናት። እኔ ውሳኔ እስኪሰጥ ከሥራ ታግጃለሁ።

ማክሰኞ 24

እቃዬን ልወስድ ሄድኩ። ዝግታ በሩ ላይ አገኘችኝ። ታቅፈኛለች ወይስ ትመታኛለች ብዬ ቆምኩ። "እኔ እንዳልሆንኩ ከማክሰኞ 3 ጀምሮ ታውቂ ነበር?" አለችኝ፣ ቀስ ብላ እንደ ልማዷ። አዎ አልኳት። ራሷን ነቅንቃ ወደ ወንበሯ ተመለሰች። ይህ ለዘላለም ይኖራል።

እትዬ ካርድ የጫማ ካርቶን ይዛ ደረጃው ላይ ተከተለችኝ። አንድ ካርድ አውጥታ ያዘች።

"ዓመት ሙሉ ልሰጥሽ ስመጣ ሥራ አለብኝ ትይኛለሽ።"

"ፈርቼ ነው እትዬ።"

"ኮምፒውተሩ ጎደለው እንጂ እኔ እኮ ሰምቼዋለሁ። ጆሮ ነበረኝ፣ እርሳስም ነበረኝ። ብትጠይቂኝ ምን ነበረበት?"

የአምናው ቀን። ሰዓቱ። ወንድ፣ ደረቱን፣ አድራሻ። ከሥር በእርሳስ፦ "ለእህቴ ንገሩልኝ፣ ድስት ጥጃለሁ፣ ቤቱ እንዳይቃጠል ታጥፋው።"

ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። እትዬ ካርድ ጉልበቷን እያመማት አብራኝ ተቀመጠች። አንድ ሰው ለሰባት ሰከንድ ብሎ ምን ያህል ሊያጠፋ እንደሚችል አሁን አውቃለሁ። ግዴለሽ ነው ብዬው ነበር።

ሰኞ 30

አራት ሰዓት። ጎረቤታችን ወጣች። እኔ ከጓዳው በር ጀርባ ቆምኩ፣ በገዛ ቤቴ እንደ ሌባ።

አባዬ በሩ እስኪዘጋ ጠበቀ። በግራ እጁ ጠረጴዛውን ይዞ ተንፏቀቀ። እጀታውን አነሳ፣ ወደ ግድግዳው ወረቀት ቀና ብሎ አየ፣ ሦስቱን ቁጥሮች ቀስ እያለ ተጫነ። ከዚያ ጆሮው ላይ ለጥፎ ዓይኑን ጨፈነ። ከሩቅ የሴት ድምፅ ይሰማኛል። "ይናገሩ፣ እየሰማሁ ነው" አለች። ዝግታ ናት።

አባዬ ትንፋሹን ይዞ አዳመጠ። ሌላ ድምፅ እስኪመጣ።

ሄጄ አጠገቡ ተንበረከክኩ። እጀታውን በቀስታ ተቀብዬ "በስህተት ነው፣ ይቅርታ" አልኳት። ዝግታ ድምፄን አወቀችው። "እሺ" ብላ ዘጋችው።

አባዬ እጁን ዘርግቶ እጀታውን መልሺልኝ አለኝ፣ በዓይኑ።

"አባዬ፣ እዚያ የለም" አልኩት። "ድምፁ አለ እንጂ እሱ የለም። አንተን አይሰማህም። እንደዚያ ማለት አልነበረብኝም።"

ፊቱን አዞረ። ካርዱን ከኪሴ አውጥቼ አነበብኩለት። የመጨረሻው ቃሉ ይኸው ነው አልኩት፤ ድስት ጥጃለሁ ነው ያለው፣ ልቡ እየቆመ ስለ ድስት ነው ያሰበው። አባዬ ዞሮ አየኝ። ከዚያ ከደረቱ አንድ ነገር ወጣ። ከአራት ወር ወዲህ ያልሰማሁት ድምፅ ነው፤ ሳቅ ይሁን ልቅሶ መለየት አልቻልኩም፤ እሱም የለየው አይመስለኝም። እኔም አብሬው ሆንኩ።

ካርዱን ከእጄ ወስዶ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው። ቀጥሎ እጀታውን ከጭኔ ላይ በግራ እጁ አነሳና፣ ሁለት ጊዜ ስቶት በሦስተኛው፣ ቦታው ላይ አስቀመጠው።